ለአሥራ አንድ ሰው የሚበቃ ድስት

ለመንገድ ዕቃ የሚመርጡ ሰዎችን ልብ ብላችሁ አይታችኋል? በቅሎ ሲመርጡ ጥርሷን ያያሉ፣ ኮቴዋን ያነሣሉ፣ ጀርባዋን ይዳስሳሉ። ኮርቻ ሲመርጡ ጠፍሩን ጎተት አድርገው ይፈትናሉ። ጠመንጃ ከሆነማ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል፤ አፈሙዙን ወደ ፀሐይ አዙረው በአንድ ዓይናቸው ሲያጮልቁ ከዋክብት የሚቆጥሩ ይመስላሉ። ድስት ላይ ሲደርሱ ግን «ከዚያ አንዱን ጣል አድርጉበት» ብለው ያልፋሉ። ድስት የማጀት ዕቃ ነዋ! ወንድ ልጅ ድስት አገላብጦ ቢያይ ጢሙ የሚረግፍ ይመስለዋል። ታዲያ ይኸው ሰው መንገድ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ሆዱ መጮኽ ሲጀምር፣ ስለ በቅሎዋ ጥርስ አንድ ቃል አይናገርም። «ምነው ምግቡ ዘገየ?» ነው የሚለው። ያውም ተቆጥቶ።

እኔ በዚህ ነገር እናደዳለሁ። ወዳጆቼ «ደግሞ ድስቱን ሊያነሣብን ነው» እያሉ ይሥቁብኛል። ይሣቁ። ሰው አንድ የሚቆጣበት ነገር ቢኖረው ምን ነውር አለው? አንዱ በዳኛ ይቆጣል፣ አንዱ በአማቱ ይቆጣል፣ እኔ በድስት እቆጣለሁ። ምክንያቴን ሰምታችሁ ትንሽ ብታግዙኝ ደስ ይለኛል። ባታግዙኝም፣ ቢያንስ መንገድ ስትወጡ ድስታችሁን አንሥታችሁ ታያላችሁ።

ነገሩ የሆነው ባቡሩ አዳማ ከገባ ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ከጅቡቲ የመጣው ጨርቅና ጨው ከፉርጎ ወርዶ በበቅሎ ይጫንና በመቂ፣ በዝዋይ አድርጎ ሻሸመኔ ይወርድ ነበር። እኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ አቡጀዲ እነግዳለሁ። ነጋዴ ስላችሁ ትልቅ ሰው አይምሰላችሁ፤ ሸቀጤ በሙሉ ቢከመር ሁለት በቅሎ አይሞላም። መንገዱን ግን ሁለት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። የት ውሃ እንዳለ፣ የት እንደሌለ፣ የትኛው ሐይቅ እንደሚጠጣና የትኛው አንጀት እንደሚልጥ አውቃለሁ።

ያን ጊዜ ባላምባራስ ወልዴ የሚባል ሰው የተሰጠውን መሬት ሊያይ ወደ ሻሸመኔ ሊሄድ ተነሣ። ከባላምባራስ ጋር የሄደ ነጋዴ ኬላ ላይ የሚበረብረው የለም። ስለዚህ እኔም ደጅ ጠንቼ፣ እጅ ነሥቼ፣ «ከጥላዎ ሥር ልሂድ» ብዬ ተለጠፍኩ። ፈቀደልኝ። እዚህ ላይ «ፈቀዱልኝ» ማለት እንደሚገባኝ አጥቼው አይደለም። ትልቅ ሰው ነው፣ ማዕረግ አለው፣ ጢሙም እስከ ደረቱ ይወርዳል። ከዚያ ጉዞ ወዲህ ግን እሱን አንቱ ለማለት አፌ እምቢ ብሎኛል። በምትኩ የጭነት በቅሎዎቹን የሚነዱትን የአርሲውን ሰው፣ ኦቦ ቃሲምን፣ አንቱ እላቸዋለሁ። የተረፈችኝን አንቱታ የማወጣው ለሚገባው ነው።

ስንቆጠር አሥራ አንድ ነበርን። ባላምባራስ፣ ሦስት አሽከሮቹ፣ እኔና ወጥ ሠሪዋ እትዬ ማሚቴ ክርስቲያኖች፤ ኦቦ ቃሲምና አራቱ የወሎና የአርሲ ጫኞች እስላሞች። ይህን የምነግራችሁ ሃይማኖት ለመቁጠር አይደለም። መንገድ ላይ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ የዚያኛው ሥጋ የተቀቀለበትን ድስትም አይነካም። ይህን የማያውቅ የሲራራ ነጋዴ የለም። ለዚህም ነው ቅልቅል ጓዝ ሁልጊዜ ሁለት ድስት ይዞ የሚጓዘው።

እትዬ ማሚቴ ባሏ ከሞተ ጀምሮ በዚያ መንገድ ላይ ለነጋዴ ስታበስል የኖረች ሴት ነበረች። አጭር፣ ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ። ድስት ስትመርጥ አይቻታለሁ። መጀመሪያ ጎንበስ ብላ ሁለቱን ጆሮዎቹን ይዛ ታነሣዋለች፤ ከዚያ እጇን ወደ ውስጥ ሰድዳ ከአፉ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ስንት እንደሚይዝ ትለካለች፤ ወጥ ሲፈላ የሚነሣበት ቦታ ይፈልጋላ። በመጨረሻ ቂጡን ገልብጣ ከሦስት ጉልቻ ላይ ይቀመጥ እንደሆነ ታያለች። ባላምባራሶች ጠመንጃ ሲያዩ የሚያጠፉትን ጊዜ ያህል ታጠፋለች። ልዩነቱ እሷ የምታየው ነገር በየቀኑ የሚሠራ መሆኑ ነው።

ልንነሣ ሁለት ቀን ሲቀረን ባላምባራስ ራሱ፣ በገዛ እግሩ፣ ከጣቢያው አጠገብ ወዳለው የዐረቡ ሱቅ ድስት ሊገዛ ወረደ። አሽከሮቹ ከኋላው፣ እኔ ከአሽከሮቹ ኋላ፣ እትዬ ማሚቴ ከሁላችንም ኋላ። ዐረቡ ብልህ ሰው ነው፤ የገዢውን ጢም አየና ወደ ጓዳ ገብቶ አንድ የመዳብ ድስት እያንከባለለ አመጣ። እያንከባለለ! ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሣው፣ ሕፃን ቢታጠብበት የሚዋኝበት፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን የሚወጋ ድስት።

እትዬ ማሚቴ ቀረብ አለችና ጆሮዎቹን ይዛ ሞከረችው። ባዶውን እንኳ ከመሬት ስንዝር አላላቀቀችውም።

«ጌታዬ፣ ይሄ የድግስ ነው» አለች። «ለመንገድ ሁለት ትንንሽ ይበቃናል። አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለእነ ኦቦ ቃሲም። ሞልቶ ብቻዬን የማወርደው፣ በአንድ እርኮት ውሃ የሚጠግብ ይሁንልኝ።»

«ሁለት ትንንሽ!» አለ ባላምባራስ፤ ወደ አሽከሮቹ ዞሮ ሣቀ፤ እነሱም ሣቁ። «እኔ ወልዴ፣ እንደ ጨው ነጋዴ በጣሳ ቀቅዬ እየበላሁ ሻሸመኔ ልግባ? አሥራ አንድ ሰው አይደለን? ይኸው ለአሥራ አንድ ሰው የሚበቃ ድስት!»

«ለመቶም ይበቃል ጌታዬ። ችግሩ እሱ ነው።»

ይህን ስትል ፊቱ ጠቆረ። ሴት በገበያ መሐል መለሰችለታ። ዙሪያውን ቃኘና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«አንተ ታደሰ፣ መንገዱን አውቃለሁ ትላለህ። ምን ይመስልሃል?»

እትዬ ማሚቴም አየችኝ። እኔ ሁለቱን ጭነት አቡጀዲዬን አሰብኩ፤ ኬላውን አሰብኩ፤ በራፉ ላይ የቆምኩባቸውን ጧቶች አሰብኩ። ከዚያም ድስቱን በጣቴ ኳ አደረግሁትና «ያምራል ጌታዬ። ድምፁም ግሩም ነው» አልኩ። ድስት ሊደወል የተገዛ ይመስል!

ተገዛ።

ከአዳማ ስንወጣ ሕዝቡ ቆሞ አየን። ድስቱ በአንዲት ግራጫ በቅሎ ላይ አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ተጭኖ ነበር፤ ከሩቅ ላየው ንጉሥ የተቀመጠባት ይመስል ነበር። ከበስተጀርባ ሆነን ለምናየው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከከረጢት መሐል አይገባ፣ ከጎን አይታሰር፣ በበቅሎዋ እርምጃ ቁጥር ይንኳኳል። በቅሎዋ ደንብራ ሁለት ጊዜ አዋሽ ዳር ጭነቷን ገለበጠች። በሦስተኛው ቀን ጀርባዋ ተላጠ። ኦቦ ቃሲም ቁስሉን በቅቤ እያሹ ለበቅሎዋ በኦሮምኛ ይቅርታ ሲጠይቋት ሰምቻለሁ። ከእኛ መሐል ይቅርታ የጠየቀ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ማብሰሉስ? ሰፊ ድስት ላይ የአሥራ አንድ ሰው ሽሮ ስታደርጉ ሽሮው መሬት ላይ እንደ ፈሰሰ ውሃ ይንጣለልና እንደ ስስ ቀለም ይደርቃል። መሐሉ ሲያር ዳሩ ጥሬ ነው። ድስቱን የሚያህል እሳት ለማንደድ ጫኞቹ በየሰፈርንበት የግራር ጭራሮ ሲለቅሙ፣ እጃቸውን እሾህ ሲቦጫጭቀው ይቆዩ ነበር። እትዬ ማሚቴ በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠችና ትኩስ ድንጋይ በሊጥ እየጠቀለለች ብርኩታ ትጋግርልን ጀመር። ባላምባራስ «ድስት እያለ ድንጋይ!» ብሎ ተቆጣ። ብርኩታውን ግን በላ። ሦስት።

ዝዋይ ዳር ስንሰፍር ውሃው ጣፋጭ፣ እንጨቱም በሽ ስለሆነ ባላምባራስ ድስቱን አስሞልቶ እግሩን አስታጠበበት። እውነቴን ነው። በጉዞው ሁሉ መጠኑ ልክ የሆነው ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

ቡልቡላ ወንዝ ላይ ደረስን። ከዚያ ወዲያ እስከ ነጌሌ ድረስ የሚጠጣ ውሃ እንደ ልብ አይገኝም። አብያታ ሐይቅ እዚያው ተንጣልሎ ይታያል፤ ዳሩ እንደ ዱቄት ነጭ ነው፣ እግረ ረጃጅም ወፎች ቆመውበታል፣ ሲያዩት ያጓጓል። ሲቀምሱት ግን ሳሙና ነው። ኦቦ ቃሲም አራት የቆዳ እርኮት ውሃ አስሞልተው ሊጭኑ ሲሉ ግራጫዋ በቅሎ በቁስሏ የተነሣ ምንም ጭነት መሸከም አልቻለችም። ድስቱ ወደ ሌላ በቅሎ ተዛወረ፤ ለድስቱ ቦታ ሲፈለግ ሁለት እርኮት ወረደ።

«ቢሻን ሂንጂሩ ጌታዬ፣ ከፊታችን ውሃ የለም» አሉ ኦቦ ቃሲም። «ድስቱ ይቅር፣ ውሃው ይጫን።»

«ስንደርስ ትጠጣለህ» አለ ባላምባራስ።

እኔ ይህንንም ሰምቼ የበቅሎዬን ልጓም አስተካከልኩ። ልጓሙ ምንም አልሆነም ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በላይ ካለ አንድ መንደር አጠገብ ሰፈርን። የመንደሩ ሽማግሌ የኦቦ ቃሲም አጎት ነበሩ። እንግዳ መጣ ብለው አንድ የሰባ በግ እየሳቡ መጡ። ልማዱ ግልጽ ነው፤ ኦቦ ቃሲም ይባርካሉ፣ ለእነሱ ወገን ይታረዳል፣ ባለቤቶቹም ከእንግዶቹ ጋር ይቀምሳሉ። ለእኛም ሌላ ጠቦት ሊያመጡ አስበው ነበር። ሽማግሌው ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ባላምባራስ ለአሽከሩ በአገጩ ምልክት ሰጠ። አሽከሩ በጉን ጎትቶ፣ በእኛ ሥርዓት አማትቦ አረደው።

ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ቆመው አዩ። የገዛ በጋቸውን መቅመስ አይችሉም። አምስቱ ጫኞችም አይችሉም፤ ሥጋው የሚቀቀለው ባለው አንድ ድስት ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ሽሮም ቢሠራበት አይነኩትም። በአንድ ምልክት፣ በአገጭ ብቻ፣ አምስት ሰው እስከ ሻሸመኔ ድረስ ያለ ትኩስ ምግብ ቀረ። «ያልፈለገ ይጹም» አለና ባላምባራስ ምንጣፉ ላይ ጋደም አለ።

እትዬ ማሚቴ ሥጋውን ቆራርጣ ድስቱ ውስጥ ጨመረች። የአንድ በግ ሥጋ በዚያ ድስት ውስጥ ጠፋ። አንዱን እርኮት ውሃ ገለበጠችበት፤ አልሸፈነውም። «ጌታዬ፣ ለመጠጥ የቀረን አንድ ነው። ሥጋውን በፍም ልጥበሰው» ብላ ለመነች።

«መረቁንስ? እኔ ያለ መረቅ ሥጋ በልቼ አውቃለሁ? ጨምሪበት!»

ጨመረች። የመጨረሻውን ውሃ ስታፈስስ ጫኞቹ ሁሉ ከሥራቸው ቀና ብለው አዩአት።

ሲፈላ ድስቱ ከጉልቻው ዘንበል አለ። ጉልቻ ለድስት እንጂ ለበርሜል አልተሠራም። እትዬ ማሚቴ «አንድ ሰው ያግዘኝ፣ ሊገለበጥ ነው» ብላ ጮኸች። ከአሽከሮቹ አንዱ ቀና ብሎ አየና ጌታውን አየ፤ ጌታው ምንም ስላላለ ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ ነበር። ተነሣሁ፤ ግን እስክደርስ ድረስ ብቻዋን ጆሮውን በጨርቅ ይዛ ልታቃናው ሞከረች። አልቻለችም። ያ ሁሉ የፈላ መረቅ ከጉልበቷ ጀምሮ በሁለቱ እግሮቿ ላይ ወረደ።

ጩኸቷን አልነግራችሁም። ከጩኸቷ ቀጥሎ የሰማሁትን ግን እነግራችኋለሁ። ባላምባራስ ከምንጣፉ ዘሎ ተነሥቶ፣ «ሥጋው! ሥጋው! ከአፈሩ አንሡት!» አለ።

አሽከሮቹ ሥጋ ለመልቀም ተሽቀዳደሙ። ወደ እሷ የሮጡት እነዚያ ከሥጋው ድርሻ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። ኦቦ ቃሲም አንሥተው ከእሳቱ አራቋት። ቁስሏ ላይ የሚፈስ አንድ ጭልፋ ቀዝቃዛ ውሃ ብንፈልግ የለም፤ ውሃችን ሁሉ መሬት ላይ እያጨሰ ነው፤ መንደሩም ውሃ የሚያስመጣው ከሩቅ ነው። በጋቸውን የተነጠቁት ሽማግሌ በዚያ ዕድሜያቸው ወደ ቤታቸው ሮጡና ከሚስታቸው ጋር አንድ ትልቅ ገንቦ ወተት ይዘው መጡ፤ የልጆቻቸው እራት መሆን አለበት። እግሯ ላይ ቀስ እያሉ አፈሰሱት። ከዚያ በሁለት እንጨትና በጋቢ ቃሬዛ አበጅተው ወደ ቤታቸው ወሰዷት። አንድም ሰው ከባላምባራስ ፈቃድ አልጠየቀም።

እኔ ለቁስሏ መጠቅለያ ከጭነቴ አንድ ጣቃ አቡጀዲ ፈትቼ ሰጠሁ። ይህን ስነግራችሁ ደግ ሰው መምሰሌን አውቃለሁ፤ ስለዚህ የቀረውንም ልናገር። ስመለስ አሽከሮቹ ሥጋውን አራግፈው እየበሉ ነበር። ባላምባራስ አንድ ቁራጭ ዘረጋልኝ። አሸዋ አሸዋ ይል ነበር።

በላሁ።

በማግስቱ ጧት እትዬ ማሚቴን እዚያው ትተን ሄድን። ኦቦ ቃሲም በቅሎዎቻቸውን ይዘው ሊመለሱ ይችሉ ነበር፤ ውል ገብቻለሁ ብለው አደረሱን። ሁለት ቀን ሙሉ በጥም ከንፈራቸው ተሰንጥቆ፣ ቆሎ ቆርጥመው። ነጌሌ ምንጭ ላይ ስንደርስ መጀመሪያ በቅሎዎቹን አጠጡ።

ሻሸመኔ የገባን ጊዜ ባላምባራስ ድስቱን በአሸዋ አሳሽቶ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ። ለዓመታዊው ንግሥ ሁለት መቶ ሰው የሚያበላ ድስት! ካህናቱ መረቁት፣ ሴቶቹ እልል አሉለት፣ አንድ ሽማግሌ ቆመው ስለ ለጋስነቱ ረጅም ንግግር አደረጉ። ይባስ ብሎ ደግሞ ድስቱ ለዚያ ቦታ ልክ ነበር። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ልክ! እኔም ከሕዝቡ መሐል ቆሜ ጥርሴን ነክሼ አጨበጨብኩ። ንዴት እንዲህ ሲሆን ወዴት እንደሚኬድበት የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ስድስት ወር ቆይቶ በዚያው መንገድ ብቻዬን ወረድኩ። ቡልቡላ ማቋረጫው አጠገብ አዲስ የሣር ጎጆ አየሁ፤ ደጁ ላይ በቅሎዎች ታስረዋል። እትዬ ማሚቴ ነበረች። ሽማግሌውና ሚስታቸው ከሁለት ወር በላይ አስታምመዋት፣ ስትድን ኦቦ ቃሲም ያችን ጎጆ ሠሩላት፤ ላለፈ ላገደመ ነጋዴ ታበስላለች። በዱላ ነው የምትሄደው። የግራ እግሯ ጣቶች ተጣብቀዋል።

ደስ ብሏት ተቀበለችኝ፤ አስቀመጠችኝ፤ ምግብ አቀረበችልኝ። እኔ ግን መብላቱን ትቼ መናገር ጀመርኩ። ስድስት ወር ሙሉ ሆዴ ውስጥ የተጠራቀመውን ባላምባራስ ላይ አወረድኩት፤ ትዕቢቱን፣ ስስቱን፣ «ሥጋው! ሥጋው!» ያለውን፣ ሻሸመኔ የተደረገለትን እልልታ ሁሉ። ድምፄ ከፍ አለ። ጠረጴዛ ቢኖር እመታ ነበር። እሷ በዱላዋ እሳቱን እየቆሰቆሰች ትሰማኛለች።

«አንቺ ግን አልተቆጣሽም?» አልኳት ስጨርስ።

«በባላምባራስ? ምን ብዬ?» አለች። «እሱ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቀን ምድጃ አጠገብ ቆሞ አያውቅም። ድስት አያውቅ፣ ውሃው የት እንደሚያልቅ አያውቅ። የማያውቅ ሰው ነው።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ግን ታውቅ ነበር፣ ታደሰ።»

ክፉ ቃል አልጨመረችበትም። ድምፅዋም ከፍ አላለም። ከውጭ የጭነት በቅሎ ኮቴ ተሰማ፤ ነጋዴዎች እየወረዱ ነው። ዱላዋን ተደግፋ ተነሣችና በር ላይ ቆማ ቆጠረቻቸው፤ ሰባት። ተመልሳ ውሃ ለካች፣ ሽሮ ለካች፣ እኔንም «ብላ እንጂ፣ ቀዘቀዘብህ» አለችኝ።

ፊቷን ደጋግሜ አየሁት። ንዴት ብፈልግ አንዲት ፍንጣቂ አጣሁ። ለካ ያለውን በሙሉ እኔ ተሸክሜው ኖሯል፤ እንደምታዩኝ አሁንም አላወረድኩትም።